«ከዝን» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ ትርጉሙና አገልግሎቱ

እንግሊዝኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ከሚያጠናቸው ቃላት አንዱ «ከዝን» ነው። በመዝገበ ቃላት ቢፈልገው «የአጎት ወይም የአክስት ልጅ» የሚል ፍች ያገኛል፤ ያንንም በደብተሩ ጽፎ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋል። ቃሉ አጭር ነው፤ ለአፍም አያስቸግርም። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ጊዜው ደርሶ የቈዩትን የእንግሊዝ መጻሕፍት ሲያነብ፥ ወይም ከእንግሊዞች ጋራ ሲኖር፥ ወይም በባለ ሥልጣን ፊት ቆሞ ለሌላ ሰው ሲያስተረጕም፥ ይህ ቀላል የመሰለው ቃል አንድ ጊዜ የወንድም ልጅ፥ አንድ ጊዜ ማናቸውም ዘመድ፥ አንድ ጊዜ መስፍን፥ አንድ ጊዜም ፈጽሞ ባዕድ የሆነ ሰው እየሆነ ይመጣበታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ቃሉ ከየት እንደ መጣ፥ በምን በምን ትርጉም እንደሚነገር፥ ወደ አማርኛም ሲመለስ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ባጭሩ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ የጥናቱ መነሻ

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ለትምህርት በእንግሊዝ አገር በነበርሁበት ጊዜ የአጎቴ ልጅ ለሕክምና ወደዚያው መጣ። እርሱና እኔ ያደግነው በአንድ ቤት፥ ከአንድ ማዕድ እየበላን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ «ወንድሜ» ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም። በሆስፒታሉ የሚሞላ ወረቀት ነበርና «የቅርብ ዘመድ» በሚለው መስመር ላይ ስሜን፥ «ዝምድና» በሚለው ላይ ደግሞ «ወንድም» ብዬ ጻፍሁ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተመልክታ የሁለታችን የቤተ ሰብ ስም ለምን እንደ ተለያየ ጠየቀችኝ። እኔም በአገራችን ሰው በአባቱ ስም እንጂ በቤተ ሰብ ስም እንደማይጠራ ገለጽሁላት። «እንደዚያማ ከሆነ፥ ወንድማማች ብትሆኑ ኖሮ የአባታችሁ ስም አንድ በሆነ ነበር» አለችኝ። በዚህ ረታችኝ። እናታችን አንድ እንደ ሆነች ጠየቀች፤ አይደለችም አልሁ። ያን ጊዜ የጻፍሁትን ቃል በቀይ ቀለም ሰርዛ «ከዝን» ብላ ጻፈችበት።

ነገሩ በቃል ብቻ ቢቀር ምንም ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ከተወሰነው ሰዓት ውጭ ከሕመምተኛው አጠገብ መቀመጥ የሚፈቀደው ለወላጅ፥ ለሚስት፥ ለልጅ፥ ለወንድምና ለእህት ብቻ ስለ ነበረ፥ ኦፕራሲዮን በተደረገለት ሌሊት እኔ ከበር ውጭ አደርሁ። በዚያ ሌሊት ጸሐፊዋ ሐሰት እንዳልተናገረች፥ እኔም ሐሰት እንዳልጻፍሁ ደጋግሜ አሰብሁ። እርስዋ በአገርዋ ቃል በትክክል ተናገረች፤ እኔም በአገሬ ቃል በትክክል ተናገርሁ። የተጣሉት ሁለቱ ቃላት ናቸው።

፪፤ የቃሉ ትውልድ

የሮማውያን ቋንቋ ላቲን የዝምድና ስሞችን በጥንቃቄ ይለይ ነበር። የአባት ወንድም «ፓትሩዉስ»፥ የእናት ወንድም «አቩንኩሉስ»፥ የአባት እህት «አሚታ»፥ የእናት እህት «ማቴርቴራ» ይባሉ ነበር። ልጆቻቸውም እንደ መንገዳቸው ልዩ ልዩ ስም ነበራቸው። ከእነዚህም አንዱ «ኮንሶብሪኑስ» ነው፤ ቃሉ «አብሮ» ከሚለውና «እህት» ከሚለው የተሠራ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያው ትርጉሙ የሁለት እኅትማማቾች ልጆች ማለት ነበር። በኋላ ግን ሮማውያን ራሳቸው የአጎትንም የአክስትንም ልጅ በዚሁ ስም መጥራት ጀመሩ። ከዚያም በፈረንሳይኛ አፍ ቃሉ እየተቈራረጠ «ኩዛን» ሆነ።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የገዦቹ ፈረንሳይኛ በአገሩ ቋንቋ ላይ ተጫነ። ከዚያ በፊት እንግሊዞች የአባትን ወንድም «ፌደራ»፥ የእናትን ወንድም «ኤአም» እያሉ ለይተው ይጠሩ ነበር፤ ለሁለቱ ወገን አክስቶችም እንዲሁ ሁለት ስም ነበራቸው። ቀስ በቀስ እነዚህ ሁሉ ተረሱና በፈረንሳይኛው «አንክል» እና «አንት» ተተኩ። የሚያስደንቀው፥ «አንክል» ከላቲኑ የእናት ወንድም ስም የመጣ ሲሆን ዛሬ የአባትንም ወንድም ያጠቃልላል፤ «አንት» ደግሞ ከአባት እህት ስም የመጣ ሲሆን ዛሬ የእናትንም እህት ያጠቃልላል። «ከዝን»ም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መታየት የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው።

ፈረንሳይኛ የቃሉን መጨረሻ እየለወጠ ወንዱን ከሴቷ ይለያል። እንግሊዝኛ ግን ይህንንም ጥሎታል። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ «ትናንት ከከዝኔ ጋራ ቲያትር ቤት አመሸሁ» ቢል፥ ያመሸው ከወንድ ይሁን ከሴት፥ በአባቱ ወገን ከሆነ ሰው ይሁን በእናቱ፥ ከታላቁ ይሁን ከታናሹ አይታወቅም።

በዚህ ነገር የእኛ አገር ቋንቋዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ትግርኛ የአባትን ወንድም «ሓውቦ»፥ የእናትን ወንድም «ኣኮ» ብሎ ይለያል። ኦሮምኛ የእናትን ወንድም ለብቻው «ኤሱማ» ይለዋል። ሱማልኛም «አዴር» የአባት ወንድም፥ «አብቲ» የእናት ወንድም ነው። አማርኛ ግን እንደ እንግሊዝኛ ሁለቱን ወገን አንድ አድርጎ «አጎት» እና «አክስት» ይላል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል የምንኰራበት የለንም። ሆኖም ወደ ልጆቹ ስንደርስ አማርኛ አንድ ጠቅላላ ስም አላበጀም። «የአጎቴ ልጅ»፥ «የአክስቴ ልጅ» ሲባል ዝምድናው የመጣው በወንድ ይሁን በሴት ከቃሉ ይታወቃል። እንግሊዝኛው መንገዱን ሰውሮ የደረሰበትን ቦታ ብቻ ያሳያል፤ አማርኛው የመንገዱን እኩሌታ ያሳያል።

፫፤ የቈየ ትርጉሙ

ዛሬ «ከዝን» ያለ ተጨማሪ ቃል ሲነገር የአጎትን ወይም የአክስትን ልጅ ያመለክታል። በ14ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ግን ከወላጅ፥ ከልጅና ከወንድም ወይም ከእህት ውጭ የሆነ ማናቸውም ዘመድ፥ በተለይም የወንድም ወይም የእህት ልጅ፥ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው የሼክስፒርን ሥራዎች ሲያነብ ይሳሳታል። በ«ሐምሌት» ቲያትር ንጉሥ ክላውዲዮስ ሐምሌትን «ከዝን» ብሎ ይጠራዋል፤ ሐምሌት ግን የክላውዲዮስ የወንድሙ ልጅ ነው። ቃሉን በዛሬው ፍች የተረጐመ ሰው ንጉሡን የሐምሌት የአጎት ልጅ ያደርገዋል፤ በዚህም የቲያትሩን መሠረት ያፈርሳል፤ ታሪኩ ወንድሙን ስለ ገደለ አጎት ነውና። በ«ሮሜዎና ዡልዬት»ም የዡልዬት እናት የወንድምዋን ልጅ ቲባልትን «ከዝን» ትለዋለች። «እንደምትወዱት» በሚባለው ቲያትር ደግሞ ሮዛሊንድና ሲሊያ በእርግጥ የወንድማማቾች ልጆች ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ቃሉን አሳጥረው «ኮዝ» እያሉ በቍልምጫ ይጠራራሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ምሳሌ በ1611 በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ኤልሳቤጥ የእመቤታችን «ከዝን» ተብላለች። የግሪኩ ቃል ግን «ዘመድ» ከማለት በቀር በምን በኩል እንደሆነ አይናገርም። በቈላስይስ መልእክት ምዕራፍ 4 ደግሞ የግሪኩ ቃል ማርቆስን በትክክል የበርናባስ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ሲለው፥ እነዚያው ተርጓሚዎች «የእህቱ ልጅ» ብለው ጻፉት። እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ «ከዝን» ያልተባለችው «ከዝን» ሆነች፤ «ከዝን» የሆነው ደግሞ የእህት ልጅ ሆነ። በ1881 የታተመው የታረመ ትርጉም ሁለቱንም አቃናቸው፤ ኤልሳቤጥን «ዘመድ»፥ ማርቆስንም «ከዝን» አላቸው። ተርጓሚዎቹ ሊቃውንት አልነበሩም ለማለት አይቻልም፤ ቃሉ በ270 ዓመት ውስጥ ከእጃቸው ላይ ተለወጠ እንጂ።

፬፤ የነገሥታትና የመኳንንት «ከዝን»

ቃሉ ከደም ዝምድና ወጥቶ የማዕርግ ስም የሆነበት ጊዜም አለ። የእንግሊዝ ንጉሥ ለአንድ ከፍ ያለ መስፍን የሹመት ወይም የጥሪ ደብዳቤ ሲጽፍ «የታመንህና የተወደድህ ከዝናችን» ብሎ ይጀምር ነበር። ዊልያም ብላክስቶን የተባለው የሕግ ሊቅ ከ1765 እስከ 1769 ባሳተመው ስለ እንግሊዝ ሕጎች በተጻፈ ሐተታ ምክንያቱን ይነግረናል። ከ1399 እስከ 1413 የነገሠው ሄንሪ 4ኛ በእናቱ፥ በሚስቱ ወይም በእህቶቹ በኩል ከአገሩ መሳፍንት ሁሉ ጋራ በእውነት ይዛመድ ስለ ነበረ፥ በደብዳቤዎቹ ዝምድናውን እያነሣ ይጠራቸው ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የነገሡት ግን ዝምድናው ቢቀርም ልማዱን ጠበቁ። እንግዲህ ደሙ ሄደ፤ ቃሉ ቀረ። በእንዲህ ያለው ደብዳቤ «ከዝን»ን «የአጎቴ ልጅ» ብሎ መመለስ የሌለ የትውልድ ሐረግ መፍጠር ነው።

የተገላቢጦሽም ደርሷል። በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ፥ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም 2ኛና የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ «ሦስቱ ከዝኖች» ይባላሉ። ጆርጅና ዊልሄልም የወንድምና የእህት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች ናቸው። የጆርጅና የኒኮላስ እናቶች ደግሞ የዴንማርክ ንጉሥ ልጆች የሆኑ እኅትማማቾች ነበሩ፤ ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ በጥንቱ የላቲን ትርጉም ፍጹም «ኮንሶብሪኑስ» ናቸው። መልካቸውም መንታ እስኪመስሉ ድረስ አንድ ነበር። ነገር ግን ኒኮላስ በ1917 ከዙፋኑ በወረደ ጊዜ፥ የእንግሊዝ መንግሥት ሊቀበለው ከፈቀደ በኋላ፥ ጆርጅ ለራሱ ዙፋን ሠግቶ በጸሐፊው በኩል አሳቡን ስለ ገለጸ ግብዣው ተሻረ። ኒኮላስም በሐምሌ ወር 1918 ከነቤተ ሰቡ ተገደለ። «ከዝን» የሚለው ቃል በደም በኩል ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የሚያስከትለው ግዴታ ግን በር ለማስከፈት አልበቃም።

፭፤ አቈጣጠሩና ጋብቻ

እንግሊዞች የ«ከዝን»ን ርቀት በቍጥር ይለያሉ። የወንድማማች ወይም የእኅትማማች ልጆች «አንደኛ ከዝን»፥ የልጅ ልጆቻቸው «ሁለተኛ ከዝን»፥ ከዚያ የሚቀጥሉት «ሦስተኛ ከዝን» ይባላሉ። ሁለቱ ሰዎች ከጋራ አያታቸው የሚርቁበት ትውልድ እኩል ባይሆን «በአንድ ትውልድ የተነሣ»፥ «በሁለት ትውልድ የተነሣ» ብለው ይጨምራሉ። የአባቴ የአጎት ልጅ ለእኔ «በአንድ ትውልድ የተነሣ አንደኛ ከዝን» ነው። ብዙ እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ሲቈጥሩ ይሳሳታሉ። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ሰው በአባታችን ተርታ ስለ ሆነ «አጎቴ» እንለዋለን፤ ሲገባም ብድግ እንልለታለን። እንግሊዝኛው ርቀቱን ሲቈጥር ክብሩን ይረሳል፤ አማርኛው ክብሩን ሲጠብቅ ርቀቱን ይረሳል።

ለምሳሌ በ1947 የተጋቡትን ኤልሳቤጥ 2ኛንና ልዑል ፊልጶስን እንመልከት። ሁለቱም የንግሥት ቪክቶሪያ አራተኛ ትውልድ ስለ ሆኑ በዚያ በኩል ሦስተኛ ከዝኖች ናቸው። በዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 9ኛ በኩል ደግሞ ፊልጶስ ሦስተኛ፥ ኤልሳቤጥ አራተኛ ትውልድ ናቸውና በአንድ ትውልድ የተነሡ ሁለተኛ ከዝኖች ይሆናሉ። አንድ ባልና አንዲት ሚስት ሁለት ዓይነት «ከዝን» ናቸው ማለት ነው።

ይህን የሰማ የአገራችን አንባቢ ወዲያው የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ «ሰባት ቤት ሳይቈጠር እንዴት ተጋቡ?» ይላል። በአማራው ክርስቲያን ዘንድ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባት፥ አያት፥ ቅድመ አያት፥ ምንጅላት እያሉ ወደ ላይ መቍጠራቸው፥ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘም ጋብቻው መቅረቱ የታወቀ ልማድ ነው። ኤውሮፓውያንም እንዲህ ያለውን ሕግ አያውቁም ማለት ስሕተት ነው። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1215 ድረስ እስከ ሰባተኛ ትውልድ ከልክላ ነበር፤ በዚያ ዓመት የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ሰባቱን ወደ አራት ዝቅ አደረገው። በእንግሊዝ ደግሞ በሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1540 የወጣው ሕግ አንደኛ ከዝኖች እንዲጋቡ ፈቀደ። ከዚህ የተነሣ ሊቁ ቻርልስ ዳርዊን በ1839 የእናቱን ወንድም ልጅ ኤማ ዌጅዉድን አገባ። ኋላም በዕፀዋት ላይ ባደረገው ምርመራ እየተጨነቀ፥ በ1871 በሚደረገው የሕዝብ ቈጠራ የከዝን ጋብቻ እንዲጠየቅ ወዳጁ በፓርላማ እንዲያቀርብለት ለመነው፤ ፓርላማው ግን አልተቀበለውም።

ስለዚህ «ከዝን» የሚለው ቃል ለእንግሊዙ ሰሚ ሊያገባት የምትችለውን ሴት ይጨምራል። «እህቴ» የሚለው ቃላችን ለአጎት ልጅ ሲነገር ግን ይህን አሳብ ከሥሩ ይነቅለዋል። ሁለቱ ቃላት አንዲቱን ሴት ቢያመለክቱም በአጠገብዋ ያለውን ሰው በሁለት ልዩ ቦታ ያቆሙታል።

፮፤ በሥነ ሕዝብ ጥናት

የእኛ ሙያ ራሱ ከዚህ ቃል ነጻ አይደለም። አሜሪካዊው ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን በሴኔካ ሕዝብ መካከል ሲመረምር አንድ ልጅ የአባቱን ወንድም «አባት»፥ የዚያንም ልጆች «ወንድም» እና «እህት» ብሎ እንደሚጠራ፥ የአባቱን እህትና የእናቱን ወንድም ልጆች ግን በሌላ ስም እንደሚለያቸው አገኘ፤ ይህንም ከብዙ ሕዝቦች ልማድ ጋራ አስተያይቶ በ1871 በታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1889 በታተመ ጽሑፉ የወንድምንና የእህትን ልጆች «ተሻጋሪ ከዝን» ብሎ ስም አወጣላቸው። ጆርጅ ፒተር ሙርዶክም በ1949 የዓለምን ሕዝቦች የዝምድና አጠራር በስድስት ክፍል ሲመድብ፥ መለያ ያደረገው ሕዝቡ «ከዝን»ን በምን ስም እንደሚጠራ ነው። «ሀዋይ» ባለው ክፍል ሁሉም ወንድምና እህት ናቸው፤ «ሱዳን» ባለው ክፍል፥ ዐረብኛን እንደ ምሳሌ ብንወስድ፥ እያንዳንዱ የየራሱ ስም አለው፤ «ኤስኪሞ» ባለው ክፍል እንደ እንግሊዝኛው ሁሉም በአንድ ስም ይጠቃለላሉ።

ምደባው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን መለኪያው ከአንድ ሕዝብ ጫካ የተቈረጠ ዘንግ መሆኑን መርሳት አይገባም። አማርኛን በዚህ ዘንግ ስንለካው በአንድ ክፍል አይገባም። ሰውየውን ስንጠራው እንደ ሀዋይ ሰዎች «ወንድሜ» እንላለን፤ ዝምድናውን እንድናስረዳ ስንጠየቅ ግን መንገዱን ቈጥረን «የአጎቴ ልጅ» እንላለን። ጠያቂው የትኛውን ጥያቄ እንደ ጠየቀ ካልታወቀ መልሱ አይታመንም።

፯፤ ልዩ ልዩ አገልግሎቱ

ቃሉ በዕለት ንግግር የወሰዳቸው ሌሎች ትርጉሞችም ብዙ ናቸው። «የባላገር ከዝን» የሚባለው የከተማ ወግ የማያውቅ እንግዳ ነው። «የሚሳሳሙት ከዝን» ማለት ሲገናኙ ለመሳሳም የሚያበቃ ዝምድና ያለው ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኮርንዎል ወጥተው በአሜሪካና በአውስትራሊያ ማዕድን የሚቈፍሩትን ሠራተኞች ሰዎች «ከዝን ጃክ» ይሏቸው ነበር፤ አለቃቸው ሠራተኛ በፈለገ ቍጥር «አገር ቤት ጃክ የሚባል ከዝን አለኝ» ስለሚሉ ነው ይባላል። ሁለት ቋንቋዎች ከአንድ ምንጭ ሲወጡም «ከዝኖች» ይባላሉ፤ እኛም ትግርኛና አማርኛ ዘመድ ናቸው እንደምንል ነው።

«ከዝን» ከሚለው ጋራ በአነጋገር አንድ የሆነ፥ ማታለል ማለት የሆነ ግሥም አለ። ምንጩ ቢያከራክርም፥ ብዙዎች ከዚሁ ቃል ያወጡታል። በ1611 የታተመው የራንድል ኮትግሬቭ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ለጥቅሙ ሲል ዝምድና የሚያነሣውን፥ በመንገዱም ወጪ እንዳያወጣ የየቤቱ ባለቤት ዘመድ ነኝ እያለ የሚያድረውን ሰው በዚህ ቃል ይገልጸዋል። እንዲህ ያለውን እንግዳ የማያውቅ አገር ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የእኔን ጕዳይ የነካው በህንድና በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች እንግሊዝኛ የሚነገረው «ከዝን ወንድም»፥ «ከዝን እህት» የሚለው ጥምር ነው። በሰሜን ህንድ ቋንቋዎች የአጎት ልጅ ወንድም ስለ ሚባል፥ ሰዎቹ የእንግሊዞችን ቃል ሲቀበሉ የራሳቸውን አልጣሉም፤ ሁለቱን አጣምረው ተናገሩ። የአጎቴ ልጅ በታመመ በሦስተኛው ቀን ተረኛዋ ነርስ የህንድ ተወላጅ ነበረች። ከበር ቆሜ ብታየኝ ጠርታ ጠየቀችኝ፤ «ከዚህ ሲወጣ የሚያስታምመው ማን ነው?» እኔ ነኝ አልኋት። «ለእናቱስ የሚነግራት?» እኔው ነኝ አልኋት። ካርዱን አንሥታ «ከዝን» ከሚለው ቀጥሎ «ወንድም» የሚለውን ቃል ጨመረችበትና ወንበር አቀረበችልኝ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም።

፰፤ ለተርጓሚዎች

ይህ ሁሉ ለምርምር ብቻ የተባለ አይደለም። ዛሬ በአሜሪካና በሌላም ባዕድ አገር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰባቸውን ለማምጣት ወረቀት ይሞላሉ። በአሜሪካ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ለወንድሙና ለእህቱ ሊያመለክት ይችላል፤ ለ«ከዝን» ግን አይችልም። በቅን ልብ «ወንድሜ» ብሎ የጻፈ ሰው ኋላ የወላጆቹ ስም ሲመረመር ሐሰተኛ ተብሎ ይገኛል፤ በአንድ ቃል ምክንያት ሌላው እውነተኛ ቃሉ ሁሉ ይጠረጠራል። ስለዚህ የሚያስተረጕም ሰው «ወንድሜ» የሚለውን ሲሰማ ለጊዜው ብዕሩን አቁሞ «የእናትህ ልጅ ነው? የአባትህስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ነገሩ ሲጠብቅ «የእናቴ ልጅ» ብለን እንለያለንና።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ ደግሞ እንዲህ ማድረግ ይሻላል። ጽሑፉ የዛሬ ከሆነና መንገዱ ከታወቀ «የአጎት ልጅ» ወይም «የአክስት ልጅ» ይባል። መንገዱ ካልታወቀ፥ ወይም ጽሑፉ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ከሆነ፥ «ዘመድ» የሚለው ሰፊ ቃላችን ከሐሰት ያድናል። በነገሥታት ደብዳቤ ሲገኝ ማዕርግ መሆኑ ይገለጥ።

የዝምድና ስም ደም ብቻ አይነግርም፤ ማን ለማን እንደሚነሣ፥ ማን ማንን እንደማያገባ፥ ማን ለማን ከበር እንደሚቆም ይናገራል። የእንግሊዙ ቃል ከእነዚህ አንዱን፥ የእኛ ቃል ሌላውን ይዞ ይጓዛል። ተርጓሚ ሁለቱን ለማገናኘት የሚችለው ሰውየው ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ለዘመዱ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅበትም ሲጠይቅ ነው።